የፕሬስተን ሴቶችና የካህናቱ ልብስ

የእናታችሁን የክት ቀሚስ ከሣጥን አውጥታችሁ ካያችሁት ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ለእኔ ይህ ጥያቄ የቀረበልኝ በሰው አገር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ መርፌና ክር በያዙ አሮጊቶች መካከል ተቀምጬ ሳለ ነው። ስመልስ ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ምክንያቱን ኋላ ትደርሱበታላችሁ፤ ለጊዜው የት እንደሄድሁና ምን እንዳየሁ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ባለፈው ክረምት የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ ታናሽ እህቴን ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ አገር ተጉዤ ነበር። እህቴ ነርስ ናት። የምትኖረውም በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንክሻየር በሚባለው ግዛት፣ ፕሬስተን በተባለች ከተማ ነው። ከለንደን ዩስተን ጣቢያ የተነሣው ፈጣን ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ አደረሰኝ፤ በእህቴ ምክር የቋጠርሁትን ዳቦ እንኳ ለመቅመስ ጊዜ አላገኘሁም።

ፕሬስተን ሪብል በሚባል ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስሟ በጥንቱ እንግሊዝኛ የካህናት መንደር እንደ ማለት ነው። ባቡሩ ገና ወደ ጣቢያው ሲቃረብ አንድ ሹል ነጭ ጉልላት ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ተመዞ ይታያል። የቅድስት ዋልበርጋ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቁመቱ 94 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ካሉ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላቶች ሁሉ ይረዝማል። ከሥሩ ከቀይ ሸክላ የተሠሩ፣ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ ትናንሽ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል። ጢስ የሌለባቸው ረጃጅም የጢስ ማውጫዎችም እዚህና እዚያ ይታያሉ። በቀድሞ ጊዜ ጥጥ የሚፈተልባቸውና የሚሸመንባቸው ፋብሪካዎች ናቸው፤ ዛሬ ከፊሎቹ የመኖሪያ አፓርትማ ሆነዋል።

እንዝርት ያሽከረከራችሁ እናቶች ሁሉ ልታውቁት የሚገባ ሰው የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። ሪቻርድ አርክራይት ይባላል፤ የተወለደው በ1732 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ሰው በ1769 የባለቤትነት መብት ባወጣለት የፈትል መኪና አማካይነት ፈትልን ከሴት ጣት ወስዶ ለወንዝ ውሃ ኃይል ሰጠው። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ወደ ፋብሪካ ገቡ። በ1853 እና በ1854 የፕሬስተን የጥጥ ሠራተኞች የተቀነሰባቸው አንድ አሥረኛ ደመወዝ ይመለስልን ብለው ለብዙ ወራት ሥራ አቁመው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ሁኔታውን ለመመልከት ወደ ከተማይቱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የሚገርመው፣ ያ ረጅም ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን የተከፈተውም በዚያው በ1854 ነው። ከእነዚያ ሠራተኞች ብዙዎቹ ካቶሊኮች ነበሩ፤ ከሚያገኟት ጥቂት ደመወዝ ላይ እየቀነሱ ለቤተ ክርስቲያናቸው ያዋጡም ነበር።

እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ ድንጋዩ ሳይሆን ስለ ጨርቁ ነው።

በደረስሁ በሦስተኛው ቀን እህቴ፣ «እትዬ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምንም ሥራ እንዳትይዢ፤ ጎረቤቴ የሆነ ቦታ ልትወስድሽ ትፈልጋለች። ከጥልፍ ጋር የተያያዘ ነገር ነው» አለችኝ። ጎረቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በልብስ ስፌት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ሐሙስ ሆነና ይዘውኝ ወደ አንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሄድን። የቤተ ክርስቲያኒቱን ስም እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ወርቅ በሚል ቃል የሚጎመጅ ሌባ አይጠፋም» ነው ምክንያታቸው። ቃሌን ጠብቄያለሁ።

አዳራሹ በር ላይ አንዲት ሴት ቀለበቴንና ሰዓቴን እንዳወልቅ፣ እጄንም ታጥቤ በደንብ እንዳደርቅ አዘዘችኝ። የማስታወሻ ደብተሬን ሳወጣ እስክሪብቶዬን ተቀብላ እርሳስ ሰጠችኝ፤ ቀለም ያንጠባጥባል ብላ ነው። ሻይም ቢሆን ከወዲያኛው ክፍል ተጠጥቶ እንጂ ወደዚህ አይገባም። በመካከሉ ረጅም ጠረጴዛ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተዘርግቷል። ዙሪያውን ስምንት ሴቶችና አንድ ወንድ አቀርቅረው ይሠራሉ። ወንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሚስቱ ስትሞት በእርሷ ወንበር ተተክቶ ጥልፍ የተማረ። ከሴቶቹ ታላቋ 83 ዓመታቸው ሲሆን በ15 ዓመታቸው የፈትል ፋብሪካ የገቡ ናቸው። ጆሯቸው የፋብሪካው መኪና ጩኸት ስለ ጎዳው ከንፈር እያዩ ነው የሚያዳምጡት። ታናሿ ደግሞ ከህንድ አገር፣ ከኬረላ የመጣች ነርስ ናት። እንዲህ ያሉ የኬረላ ካቶሊኮች በፕሬስተን በርከት ይላሉ፤ ምእመን አንሷት የነበረችውን የቅዱስ ኢግናጢዮስን ቤተ ክርስቲያን ተረክበው በስማቸው አድሰዋታል፤ ከ2016 ጀምሮም የራሳቸው ሥርዓት ካቴድራል ሆናለች።

ደመወዝ የሚከፈለው የለም። ክርና መርፌውን እንኳ ኬክ ጋግረው በመሸጥ ነው የሚገዙት።

ለመሆኑ የሚጠግኑት ምንድን ነው? የካቶሊክ ካህን ሲቀድስ ከሁሉ በላይ የሚደርበው እጅጌ የሌለው ልብስ አለ፤ በአንገት የሚጠልቅ ነው። ቀድሞ ሰፊና ወራጅ ነበር፤ በኋለኞቹ ዘመናት ክንድ እንዳይዝ ጎንና ጎኑ እየተቀደደ ሄዶ የቫዮሊን ቅርጽ ያዘ። በዑደት ጊዜ ደግሞ ከትከሻ እስከ እግር የሚወርድ፣ ሲዘረጋ ግማሽ ክብ የሚሆን ካባ አለ፤ የእኛን አገር ካባ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቀለሙ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ለልደትና ለትንሣኤ ነጭ ወይም ወርቃማ፣ ለሰማዕታትና ለጰራቅሊጦስ ቀይ፣ ለዐቢይ ጾም ሐምራዊ፣ በዓል በሌለበት ወቅት አረንጓዴ፣ ለቀብር ደግሞ ጥቁር ይለበስ ነበር፤ አሁን ጥቁሩን የሚለብስ ጥቂት ነው። እያንዳንዷ አጥቢያ ይህን ሁሉ ስትሰበስብ ኖራለች። ከ1962 እስከ 1965 ከተደረገው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ግን ቅዳሴው ከላቲን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ሲመለስ ልብሱም ቀለል አለ። ከባዱና በጥልፍ የተጨነቀው ወደ መሳቢያ ገባ። አንዳንዱ ተሸጠ፣ አንዳንዱ ለቲያትር ተሰጠ፣ አንዳንዱንም ብል በላው። እነዚህ ሴቶች የተሰበሰቡት ከመሳቢያ የተረፈውን ለማዳን ነው።

ሥራቸውን ለማየት አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ላይ አሰልቺ መሰለኝ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ከጨረሱ ደስታቸው ነው። ቀስ በቀስ ግን ዐይኔ ለመደ። ወርቅ የሚሉት ክር ወርቅ አይደለም፤ ወርቅ የተቀባ በጣም ቀጭን የብር ጥብጣብ በቢጫ ሐር ክር ላይ ተጠምጥሞ ነው። እንዲህ ያለው ክር በጨርቁ ውስጥ ቢያልፍ ይላጣል። ስለዚህ ከላይ ይነጠፍና በሌላ ቀጭን ሐር በየመካከሉ እየተረገጠ ይታሰራል። ማሰሪያው ሐር ሲበጠስ ወርቁ እንደ ተፈታ የጫማ ክር ይንጠለጠላል። የሴቶቹ ዋነኛ ሥራ ያንን እየመለሱ ማሰር ነው። ሐኪም ቁስል የሚሰፋበትን ዓይነት ቆልማማ መርፌ ይጠቀማሉ፤ ጨርቁን ከጠረጴዛው ሳያነሡ ለመስፋት እንዲያመች ነው። ነርሷ በዚህ ትበልጣቸዋለች። «ሰውን ስሰፋ ይጮኻል፤ ይኸ ዝም ይላል» ብላ አሳቀችን።

ብር ያለበት ክር ሲጠቁር እኛ ማጽጃ ልንቀባው እንደምንችል ስነግራቸው ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቁረቱን የሚያነሣው መድኃኒት የወርቁን ቅብ ይዞ ይሄዳል። ጠቁሮ መኖር ይሻለዋል።

ከሁሉ የባሰው በሽታ ግን የሐሩ ነው። ሐር ከትሉ ሲመጣ ሙጫ አለው። ሙጫው በፈላ ውሃ ሲለቅ ክብደቱ እስከ ሩብ ይቀንሳል። ሐር የሚሸጠው በሚዛን ነውና፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ፋብሪካዎች የጎደለውን ክብደት በቆርቆሮ ጨው ይሞሉት ጀመር። በዚያን ጊዜ ጨርቁ ከበድ ብሎ፣ እየተንኮሻኮሸ፣ የሀብታም ልብስ መስሎ ታየ። ዛሬ ያው ጨው ሐሩን ከውስጥ እየቆራረጠው ይገኛል። ማንም ሳይነካው፣ በመሳቢያ ውስጥ እንደ ተኛ፣ በመስመር በመስመር ይሰነጠቃል። አንዱን አሳዩኝ፤ ስተነፍስበት እንኳ የሚረግፍ መሰለኝ። ለዚህ ሕመም መድኃኒት የለውም። የሚቻለው እንደ ሙሽራ ቬሎ የሳሳ መረብ ቀለም ነክሮ ከላይ መሸፈንና ዙሪያውን መስፋት ብቻ ነው። ሙጫ መንካት ክልክል ነው። አንድ ነገር ከመደረጉ በፊትም ፎቶግራፍ ይነሣል፣ በደብተር ይጻፋል፤ የተፈታ አሮጌ ክር ሳይቀር በፖስታ ይቀመጣል።

እናቶች፣ ከዚያ ለቤታችሁ የሚሆን ጥቂት ነገር ለቅሜ መጥቻለሁ። ብል ያለበት የሱፍ ወይም የሐር ልብስ ካላችሁ እነርሱ የሚያደርጉት ይህ ነው፤ በፕላስቲክ አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያቆዩታል፣ ከዚያም እሽጉን ሳይፈቱ አንድ ቀን ውጭ ያሳድሩታል። ጥሩ ጨርቅ ሲታጠፍ በእጥፋቱ ውስጥ የተጠቀለለ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያስገባሉ፤ ያለዚያ ሐሩ የሚቀደደው በዚያው እጥፋት ላይ ነው። በየጊዜው እጥፋቱን ቦታ ይለዋውጡለታል። በረኪና ጥልፍ ባለበት ልብስ አጠገብ አይደርስም። ፀሐይም ያወጣችውን ቀለም መልሳ አትሰጥም። ደግሞም በጋዜጣ አይጠቀልሉም፤ የጋዜጣ ወረቀት ራሱ እየቢጨ ቢጫውን ለልብሱ ያጋባል፣ ቀለሙም ይለቃል። እንግዲህ ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስታበቁ ለሌላ ሥራ አውሉት እንጂ የክት ቀሚስ አትጠቅልሉበት። አዘጋጁ ይቅር ይበለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ስቶኒኸርስት ወደሚባል ትልቅ የትምህርት ቤት ግቢ ይዘውኝ ሄዱ። ከፕሬስተን በመኪና የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ሲሆን በለመለሙ ኮረብታዎች መካከል ያለ ነው፤ ዝናቡ የእኛን ሐምሌ ያስመስላል። ትምህርት ቤቱን ኢየሱሳውያን የተባሉት ካህናት በ1593 በስደት፣ በዛሬው ፈረንሳይ ውስጥ ሴንት ኦመር በተባለች ከተማ አቋቁመውት፣ በ1794 ወደዚህ ተዛወረ። በእንግሊዝ አገር የካቶሊክ ቅዳሴ በ1559 በሕግ ታግዶ ነበር። ከ1585 ጀምሮ ደግሞ ውጭ አገር ክህነት ተቀብሎ የሚመለስ እንግሊዛዊ በአገር ክህደት ይሰቀል ነበር። ሙሉ ነጻነት የተገኘው በ1829 ነው። ስለዚህ በዚያ መካከል ከነበረው የካህን ልብስ ብዙው በድብቅ የተሰፋ፣ በድብቅ የተለበሰ ነው።

ከዚያ ቤት ቅርሶች ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛው ሣጥን ነው። ሳምልስበሪ በሚባል ከፕሬስተን ብዙ በማይርቅ ሥፍራ፣ በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ ታሽጎ በ19ኛው መቶ ዓመት ተገኘ። ሲከፈት የቅዳሴ ልብስና የቅዳሴ ዕቃ ወጣበት። ካህኑ ዕቃ አዟሪ ነጋዴ መስሎ ከቤት ቤት ይዞር ነበርና፣ የያዘውን ቢፈትሹት የነጋዴ ሣጥን ነው። የሾፌሩ ሰውዬ ሣጥኑ ፊት ብዙ ቆመ። በኋላ፣ «ማን ነው ያሸገው? ለምንስ ተመልሶ አልከፈተውም?» አለ፤ የመለሰለት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው የአንዲት ሴት እጅ ሥራ ነው። ሔለና ዊንቱር ትባላለች። በ1600 ገደማ ተወለደች። አባቷ ሮበርት ዊንቱር የእንግሊዝን ምክር ቤት በባሩድ ለማቃጠል ካሤሩት ሰዎች አንዱ ነበርና በጥር 1606 ተሰቀለ። ልጅቱ ገና ሕፃን ነበረች። ሳታገባ ኖረች፤ ዕድሜዋንም ለካህናት ልብስ በመጥለፍ ጨረሰች። በሐር፣ በወርቅና በብር ክር፣ በዕንቁም አበባ ትጠልፍ ነበር። ከሥራዎቿ መካከል በላቲን «ስለ እኔ፣ ስለ ሔለና ዊንቱር ጸልዩ» የሚል ጥልፍ ይገኛል። በመሠረቱ ይህ ልብስ ቢያዝ ካህኑን ያሰቅላል። እርሷ ግን ስሟን ጻፈችበት! በ1671 ስትሞት ልብሶቹ ተከፋፈሉ፤ ከፊሉ በዚህ በስቶኒኸርስት፣ ከፊሉ በደቡብ እንግሊዝ በሚገኝ ዱዌ በተባለ ገዳም ቀረ። የንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ንብረት የነበረውን፣ ፍሎረንስ ላይ ከወርቅ የተሸመነውን ካባም አሳይተውናል፤ እጅግ ያማረ ነው። የእኔ ዐይን ግን ወደ ሔለና ተመለሰ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

በሦስተኛው ሐሙስ አዳራሹ እንደ ወትሮው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ የሐር ልብስ ተዘርግቶ ሴቶቹ ቆመው ይከራከራሉ። የልብሱ ነገር እንዲህ ነው። በከተማይቱ የሚኖሩ የ79 ዓመት ሴት አሉ። አያታቸው በ1890ዎቹ ሲያገቡ ለብሰውት የነበረውን ነጭ የሐር ቀሚስ፣ ባላቸው በሞቱ ጊዜ በገዛ እጃቸው ፈትተው የቅዳሴ ልብስ አድርገው ሰፉት፤ ለአጥቢያቸውም ሰጡት። የሙሽራ ልብስን እንዲህ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት በካቶሊኮች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። በጀርባው ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈ መስቀል አለበት። ሐኪም ለሴትዮዋ ብዙ ጊዜ እንደማይቀራቸው ነግሯቸዋል። ምኞታቸው አንድ ነው፤ የቀብራቸው ዕለት ካህኑ የአያታቸውን ልብስ ለብሶ እንዲቀድስላቸው። ሐሩ ደግሞ ያ በቆርቆሮ ጨው የታመመው ዓይነት ነው። ከሰው ትከሻ ላይ ቢወጣ ቅዳሴው ሳያልቅ ይበጣጠሳል።

የእህቴ ጎረቤት መፍትሔያቸውን አስቀመጡ። «መስቀሉ ደህና ነው። ቆርጠን አውጥተን በአዲስ ሐር ላይ እንስፋው። ሴትዮዋ ምኞታቸው ይፈጸማል፤ ልብስ የሚሠራው ሊለበስ ነው።» እንዲህ ማድረግ በአብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ዘዴ ነው። እኔም በሆዴ እሰየው አልሁ።

ጡረታ የወጡት አስተማሪ ግን አልተስማሙም። ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘውን በትለር ቦውደን የሚባለውን ካባ ጠቀሱ። በ14ኛው መቶ ዓመት የተጠለፈ ነው። በኋላ ዘመን ለሌላ ልብስ ይሁን ተብሎ ተቆራረጠ፤ ቆይቶ እንደ ገና ተገጣጠመ። «ስፌቱን ዛሬም ታዩታላችሁ። አንዴ ከቆረጥን መመለሻ የለንም» አሉ። (የዚያ ሙዚየም ስም ሲነሣ እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደና የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበር የሚታመን ባለ ጥልፍ ቀሚስ የሚገኘው እዚያው ነው። ስለዚህ ጉዳይ ግን ሌላ ቀን።)

ጎረቤቲቱ ተቆጡ። «መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ልብስ ሬሳ ነው!» አሉ።

ነርሷ ቀና ሳትል፣ «ሬሳ አይደለም፣ ሕመምተኛ ነው። ሕመምተኛ አልጋው ላይ ይተኛል እንጂ አይቆራረጥም» አለች።

በዚህ መካከል የ83 ዓመቷ አዛውንት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው መስቀሉን በጣታቸው ይዳብሱ ነበር። ከዚያም ገበሩን ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ይኸ መስቀል እኮ የገበያ ነው» አሉ። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ጥልፍ ተዘጋጅቶ ለአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ይሸጥ ነበር፤ የገዛ ሰው በልብሱ ላይ ይሰፋዋል። የአያቲቱ እጅ ያለበት ሐሩ ነው። የቀሚሱ የቀድሞ ስፌት የተፈታበት ቀዳዳ በመስመር ይታያል፤ ወገቡ የነበረበት ቦታ እንኳ ይለያል። ስለዚህ መስቀሉ ይዳን ከተባለ የሚድነው የሱቅ ዕቃ፣ የሚጣለው አያቲቱ የሰፉት ይሆናል ማለት ነው።

ሁሉም ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ዝም አልሁ። ያን ጊዜ ነው አዛውንቷ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «በእናንተ አገርስ እንዴት ታደርጋላችሁ? የእናትሽን ልብስ አስቀምጠሻል?» ሲሉ የጠየቁኝ።

ምን ብዬ ልዋሽ? እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ትታልኝ የሄደችው አንድ የክት ቀሚስ ነበር። ጥጡን ራሷ ባዝታ፣ ራሷ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነው። ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ የእንዝርቱ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በጫፉና በደረቱ ላይ ያለውን ባለ ቀለም ጥበብ ግን ከገበያ ነው የገዛችው፤ ስትከራከር ከጎኗ ነበርሁ። ቀሚሱ እያደር ብብቱና ጀርባው ሳሳ፣ ተበላ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሲደርስ ወደ ልብስ ሰፊ ወሰድሁትና፣ «ጥበቡን ቁረጪልኝና በአዲስ ሸማ ላይ ስፊልኝ» አልኋት። አሳምራ ሠራችው። በሠርጉ ላይ ያየኝ ሁሉ አደነቀልኝ፤ እኔም የእናቴ ቀሚስ ነው እያልሁ ስኩራራ ዋልሁ። የተረፈውን ጨርቅ፣ «ምን ላድርገው?» ስትለኝ፣ «እንዳሻሽ አድርጊው» ብያት ሄጃለሁ።

ይህን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኋቸው። የገዛችውን አስቀርቼ የፈተለችውን እንደ ጣልሁ በአፌ ስናገር ለራሴም ያን ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ። አዛውንቷ ከንፈሬን እያዩ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ፈትያለሁ፤ ከፈተልሁት አንድ ክንድ እንኳ የለኝም» አሉና እጄን መታ መታ አደረጉት።

የእህቴ ጎረቤት በዚያን ዕለት ሌላ አልተናገሩም። ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ሲመለሱ ቆራጭ መቀሱን ወደ ሣጥኑ መልሰው፣ የልኬት ሜትራቸውን አንሥተው የአሮጌውን ልብስ ቁመትና ወርድ ይለኩ፣ በእርሳስም ይጽፉ ጀመር። በልኩ አዲስ ሊሰፉ ነው። ሴትዮዋ እሺ ይላሉ ወይስ አይሉም የሚለው ግን ገና አልታወቀም ነበር፤ እኔም በማግስቱ ወደ አገሬ መመለሴ ስለሆነ ሳላውቅ ተሳፈርሁ።

አዲስ አበባ በገባሁ በሳምንቱ ያቺን ልብስ ሰፊ ፈልጌ ሄድሁ። ሱቋን ቀይራ ስለነበር ማግኘቱ ቀላል አልሆነም። ነገሩን ስነግራት ትንሽ አሰበችና ከስፌት መኪናዋ ላይ የተደረበውን የአቧራ መከላከያ ገፈፈችው። ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ የተሰፋ ነው። በአንዱ ማዕዘን በኩል ሁለት እጅ የሚያህል፣ ዘይት የነካው፣ ነጭ የነበረ ሸማ አለ። ድሩ ወፍራም ቀጭን እያለ የሚሄድ የእጅ ፈትል ነው። ለመኪናዋ አዲስ መሸፈኛ ገዛሁላትና ፈትታ ሰጠችኝ። ዘይቱን አላጠብሁትም።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ እህቴ ስልክ ደወለች። ሴትዮዋ መጀመሪያ አልቅሰው እንደነበር፣ በኋላ ግን እሺ እንዳሉ ነገረችኝ። አዲሱ ነጭ ሐር ተቀዷል። ሴትዮዋ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ አቅም ባገኙ ቁጥር እየመጡ ጫፉን የሚዘመዝሙት ራሳቸው ናቸው። የአያታቸው ልብስ መረብ ተሸፍኖ ሰፊ መሳቢያ ውስጥ ተዘርግቶ ተኝቷል። «አዛውንቷ ደግሞ ቁራጩን አገኘሽው ወይ ብለው በየሐሙሱ ይጠይቁኛል፤ ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

ሁለት እጅ ያህል በያቸው አልኋት።